የሙሄን ጣት እሬት የቀባሁት እኔ ነኝ

ሰዎች! ዛሬ ከሦስተኛ ፎቅ ጠርሙስ ወረወርኩ።

አዎ እኔ! የስልሳ ሁለት ዓመቷ ሐዋ። ሰው ሲጣላ ገብታ የምታስታርቀው ሐዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴ፣ ልጄ ሙሄ ቤት ነው ያለሁት። ሚስቱ ሰሚራ ከፋርማሲ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ገዝታ መጣች። ሳያት የጥፍር ቀለም መስላኝ ነበር። ለካ ጣት የሚጠቡ ልጆች ጣታቸው ላይ የሚቀባ መራራ ነገር ነው!

የልጅ ልጄ ሂባ ስምንት ወሯ ነው። ጡት ትጠባለች፣ ከዚያ አውራ ጣቷን ትጎርስና ዝም ብላ ትተኛለች። ማንን አስቸገረች?

ሰሚራ ክዳኑን ከፍታ የሂባን እጅ ስትይዝ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ብቻ ነጠቅኳትና በመስኮት ወረወርኩት።

ባጃጅ ላይ አረፈ።

ሹፌሩ ሦስት ፎቅ ሙሉ እየተሳደበ ወጣ። "ማነው የወረወረው?" ሲል እኔ ወደ አራተኛ ፎቅ ጠቆምኩት። አላህ ይማረኝ።

ሙሄ "እማዬ፣ ምን ነካሽ?" አለኝ። "እጄን አዳለጠኝ" አልኩት። ሰሚራ ከፍቷታል፣ ግን ጨዋ ልጅ ናት። ወሬ ለመቀየር ብላ "ለመሆኑ ሙሄ ሕፃን እያለ ጣቱን ይጠባ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

"በፍጹም!" አልኩ።

ሙሄም ደረቱን ነፍቶ "እኔማ በእናቴ ጡት ጠግቤ ያደግኩ ነኝ!" አለ።

እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። አያችሁልኝ? ነቀነቅኩ!

አሁን የእንግዳ መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ነው የምጽፍላችሁ። እነሱ ሰላት ላይ ያለሁ መስሏቸዋል። እኔ ፌስቡክ ላይ ነኝ።

እንግዲህ አርባ ዓመት የዋሸሁትን ስሙ። ከዚያ ብሎክ የምታደርጉኝ አድርጉኝ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ቦታው ኮምቦልቻ። ባሌ የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር አንዴ ከወጣ የሚመለሰው በወሩ ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ሙሄ አምስት ወሩ።

ሙሄ ደግሞ ምን ዓይነት ልጅ መሰላችሁ! ጭኑ ሦስት ቦታ የታጠፈ፣ አንገቱ ፈልጋችሁ የማታገኙት። ድርቁ ገጠሩን ጨርሶ ሰው ወደ መንገድ ዳር በሚፈስበት ጊዜ የኔ ልጅ ቅቤ ይመስል ነበር። ጡቴ እሺ ብሎኝ ነበር፣ አልሐምዱሊላህ።

ኩራቱ ነው የገደለኝ።

የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ሆን ብዬ እግሩን ከፎጣው አውጥቼ ነበር የምቆመው። ሰው አይቶ "ማሻአላህ" እንዲለኝ! ከኋላዬ የከሳ ልጅ ያዘለች ሴት ቆማ እያለች። ያኔ ኢንስታግራም ቢኖር ምን እንደምሆን አስቡት።

ሙሄ አንድ አመል ብቻ ነበረው። ጠብቶ ሲጠግብ አውራ ጣቱን ይጎርሳል። ጧ ጧ ጧ! ጣቱ አፉ ውስጥ እንዳለ እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔ ልብስ አጥቤ፣ ውሃ ቀድቼ፣ ሰልፍ ተሰልፌ የምመለሰው በዚያ ጣት ምክንያት ነው። ሞግዚቴ ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ቀን የቀበሌያችን ሴቶች ሊቀ መንበር ጓዲት አስካለ ቤቴ ድረስ መጣች። ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች በአውሮፕላን ሊመጡ ነው፣ ፎቶ አንሺም አብሮ አለ። ቀበሌው ለእንግዶቹ የጤናማ ሕፃናት ውድድር አሰናድቷል።

ውድድር ይባል እንጂ ተወዳዳሪው ሙሄ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ለፎቶ አይሆኑም።

"በቀበሌያችን ችግር እንደሌለ ይህ ልጅ ማስረጃ ነው!" አለች አስካለ፣ ጭኑን ቆንጠጥ አድርጋ።

ማስረጃው አውራ ጣቱን ጎረሰ። ጧ ጧ ጧ!

የአስካለ ፊት ተቀየረ። "ይሄ ምንድን ነው ጓዲት? እንግዶች ፊት እንዲህ ቢያደርግ ምን ይባላል? የጠገበ ሕፃን ጣቱን አይጠባም! እስከ ቅዳሜ አስተይው!"

"እምቢ አትዪም ነበር?" ትሉኝ ይሆናል። ዘመኑን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ ካልኩ ግን እምቢ ማለትም አልፈለግኩም። ልጄ መድረክ ሊወጣልኝ ነዋ!

በኛ አገር እናት ልጇን ጡት ማስጣል ስትፈልግ ጡቷን እሬት ትቀባለች። ልጁ አንዴ ቀምሶ ሁለተኛ አይጠጋትም። እኔም አሰብኩ፣ አሰብኩና ጡት ያስጣለ ጣት አያስጥልም ወይ አልኩ። በብልሃቴ ተደነቅኩ!

ከአጥር ሥር እሬት ቆርጬ የሙሄን ሁለቱንም አውራ ጣቶች ቀባሁ። ጎረሰው፣ ፊቱ ተጨማደደ፣ አለቀሰ። ሳቅኩ። ወላሂ ሳቅኩ። ጠዋት ቀባሁ፣ ቀትር ቀባሁ፣ ከሰዓትም ቀባሁ።

አሁን እናቶች መልሱልኝ። ልጅ ሲጠባ እጁ የት ነው?

ጡት ላይ!

ሙሄ ጡቴን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እያሻሸ ነበር የሚጠባው። እኔ ጣቱን እቀባለሁ፣ እሱ ጣቱን ጡቴ ላይ ያሻል፣ ከዚያ ጡቴን ይጎርሳል።

ገባችሁ አይደል? እኔ አልገባኝም።

በሁለተኛው ቀን ጎርሶ መትፋት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ቀሚሴን ስከፍት ገና ያለቅስ ጀመር። ጀርባውን ወደ ኋላ ለጥጦ፣ ፊቱን አዙሮ፣ እሳት ያሳየሁት ይመስል።

ጎረቤት "ዓይን ነው" አለኝ። እኔም አመንኩ። እንደዚያ እግሩን ለሰው እያሳየሁ ዓይን ቢገባው ምን ይገርማል? ሸህ ጠርቼ ቁርዓን አስቀራሁለት።

ከዚያ ጡቴን ስጠርግ እጄ ከንፈሬን ነካኝ። መረረኝ።

ያኔ ገባኝ! ራሴን በጥፊ መታሁ። በሙቅ ውሃ ታጠብኩ፣ በሳሙና ታጠብኩ፣ ቆዳዬ እስኪላጥ ታጠብኩ። ሙሄ ግን ወስኗል። በአምስት ወሩ ጡት ጣለ።

ጡቴ ድንጋይ ሆኖ አተኮሰኝ፣ ከዚያ እየቀነሰ መጣ። ስኳር በውሃ ሰጠሁት። የጎረቤት ፍየል ወተት ሰጠሁት። ተቅማጥ ያዘው። ያ ሁሉ ጭን በአራት ቀን ውስጥ ሟሸሸ፣ እርግብግቢቱ ወደ ውስጥ ገባ። ለቅሶው ሁሉ ቀነሰ። የልጅ ለቅሶ ሲቀንስ ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ልጄ እጄ ላይ እየሞተ ነበር።

አዝዬ ደሴ ወጣሁ። የገባሁበት ጤና ጣቢያ ኮሪደሩ በሕፃናት ተሞልቷል። የሚናገር የለም፣ የሚያለቅስም የለም። ጤና ረዳቱ ሙሄን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ደረቴ ላይ ወተት የነካውን ቀሚሴን አየ።

"ጡት አለሽ አይደል?" አለኝ።

"አለኝ። እምቢ ብሎኝ ነው።"

"እህቴ፣ እዚህ ያሉት የሚያጠባቸው ያጡ ናቸው። ሂጂና አስለምጅው።"

ለምን እምቢ እንዳለ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝም አልናገርም ነበር።

ኮምቦልቻ ስወርድ ከመግቢያው ላይ ተፈናቃዮች ድንኳንም ላስቲክም ወጥረው ተቀምጠዋል። በየቀኑ አልፋቸዋለሁ። ያን ቀን ግን አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ሙሄ ከጀርባዬ እንደ ጫጩት ጭው ጭው ይላል።

አንዲት ሴት ተነስታ መጣች። ልብሷ ተቀዳዷል፣ አጥንቷ ይቆጠራል። አንዲት ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ቀሚሷን ይዛ ተከተለቻት።

የሴትዮዋ ደረት ረጥቦ ነበር። በሙሄ ለቅሶ ወተቷ ወርዶ!

"አንች፣ ልጁ ርቦታል። ስጭኝ" አለችኝ።

አሁን ደግሞ እፈሪ በሉኝ። በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ቅማል ነው። ተስቦ ይዟት ቢሆንስ አልኩ። ልጄ እየሞተ እኔ ጥፍሯን አያለሁ።

እሷ አልጠበቀችኝም። ፈትታ ወሰደችው፣ "ቢስሚላህ" ብላ ሰጠችው። ሙሄ አሸተተ፣ ጎረሰ፣ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁት። መንገድ ዳር አፈር ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ስሟ መሬማ ይባላል። ከሐርቡ ወዲያ ከቆላው ነው የመጡት። ባሏ እህል ሊፈልግ ሄዶ አልተመለሰም። ጡት የሚጠባ ወንድ ልጇን ኩፍኝ ወስዶባት ከቀበረችው አምስተኛ ቀኗ ነበር። የቀረቻት ያቺው ሴት ልጇ ናት፣ ፋጤ።

ሁለቱንም ይዣቸው ሄድኩ። ጓሮ ካለው ማድቤት አስገባኋቸው። ቤት ውስጥ አይደለም፣ ማድቤት! ልብ በሉ።

እንግዶቹ በአንድ ሳምንት ዘገዩ። በዚያ ሳምንት መሬማ እኔ የበላሁትን እየበላች ሙሄን አጠባችው። ተቅማጡ ቆመ፣ ጉንጩ ተመለሰ። ሰው እንዳያይ ጓሮ እንጂ ደጅ አላስወጣትም ነበር። የማፍረው በማን እንደነበር አሁንም አላውቅም።

አንድ ቀን ሙሄ ጠግቦ አውራ ጣቱን ጎረሰ። በድንጋጤ ጣቱን ላወጣ እጄን ስዘረጋ መሬማ ያዘችኝ።

"ተይው እቴ። ጣት የሚጠባ ልጅ ጉልበት አለው። የኔው መጨረሻ ላይ እጁን ወደ አፉ ማድረስ አቅቶት ነው የሄደብኝ።"

እኔ ስንት ቀን ሙሉ ያንን ጣት ነበር እሬት የምቀባው።

የእንግዶቹ ቀን ደረሰ። ማለዳ አብዮት ጥበቃዎች ተፈናቃዮቹን ከመንገድ ዳር እያነሱ ወደ መኪና ይጭኑ ጀመር። ወደ ሰፈራ ትሄዳላችሁ ተባሉ፣ ወለጋ ይሁን ኢሉባቦር ለማንም አልተነገረ። ዓላማው ከእንግዶቹ ዓይን ዞር ማድረግም ነበር። ቤት ለቤት ሲፈትሹ እኔም ጋ ገቡ። አስካለም አብራቸው አለች።

መሬማ ማድቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ሙሄ እቅፏ ውስጥ ነው።

"ጓዲት፣ ይቺ ማናት?" አለችኝ አስካለ።

አንድ ቃል ነበር የሚበቃት። "እህቴ ናት" ብል ትቀርልኝ ነበር። "ሠራተኛዬ ናት" ብልም ትቀር ነበር። "የልጄ የጡት እናት ናት" ማለት ግን ማስረጃው በተፈናቃይ ጡት መትረፉን መናገር ነው። "ሠራተኛዬ ናት" ብልም እዚያ እውነት ላይ ለመድረስ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚቀራቸው። አስካለ ሙሄን አየች፣ መሬማን አየች፣ እኔን አየችኝ። የገባት ይመስለኛል።

"አላውቃትም። ውሃ ልትለምን ገብታ ነው" አልኩ።

አላውቃትም!

መሬማ ተነስታ ሙሄን እጄ ላይ አደረገችው። "ጠግቧል። እስከ ቀትር አያስቸግርሽም" አለችኝ። ፋጤን ይዛ ወጣች።

እኔስ? እኔማ አዲስ ቀሚሴን ለበስኩ።

መድረክ ላይ ወጣሁ። እንግዳው ማይክራፎኑን አፌ ላይ ደቅኖ "ጓዲት፣ ይህን የመሰለ ልጅ በምን አሳደግሽው?" አለኝ።

"በራሴ ጡት፣ ጓድ!"

ጭብጨባ!

ፎቶ አንሺው ደግሞ "እያጠባሽ ላንሳሽ" አይልም? ጊዜው ቀትር አልፏል፣ ሙሄ ርቦታል። ነጠላዬን ጋርጄ ሰጠሁት። ሲያየኝ የመድረኩ ጣሪያ እስኪነሳ ጮኸ። ፊቱን አዞረ፣ ገፋኝ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አውራ ጣቱን ጎረሰ። ማይክራፎኑ ክፍት ነው፣ ጧ ጧ ጧ ለመላው ኮምቦልቻ ተሰማ!

አስካለ ጣቱን መንጭቃ አወጣች፣ መልሶ ጎረሰ። እንግዳው ሳቀ። "ጓዲት፣ ልጁ አያውቅሽም እንዴ?" አለ።

ሕዝቡ ሳቀ። የመሬማ ጎረቤቶች ቢኖሩ አይስቁም ነበር። እነሱ ግን መኪና ላይ ተጭነዋል።

ሽልማቴ ሁለት ሳሙና ነበር። ተቀብዬ ከመድረክ ወረድኩና ሮጥኩ። ሳሙናው የት እንደወደቀ አላውቅም።

መኪኖቹ ከከተማው ዳር ሜዳ ላይ ተሰልፈዋል። "መሬማ!" እያልኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሮጥኩ። አራተኛው መኪና ላይ አየኋት። ፋጤን ታቅፋ ቆማለች።

እጇን ዘረጋች። ስድብም ጥያቄም የለም፣ እጇን ብቻ። ሙሄን ከታች አቀበልኩ፣ ሰዎች ተቀባብለው አደረሱላት። መኪናው ላይ ተቀምጣ አጠባችው። እኔ ከታች የመኪናውን ጎን ይዤ ቆሜያለሁ። ጠባ፣ ጠባ፣ ጠገበ።

ሞተሩ ሲነሳ መለሱልኝ። ሻሿን ከራሷ ፈትታ አብራ ሰጠችኝ።

"ደረትሽ ላይ አድርጊው፣ የኔ ጠረን አለበት። ሲያንቀላፋ ስጭው። ይለምዳል።"

"አፉ በይኝ መሬማ! አፉ በይኝ!" አልኩ።

"ዛሬ አልችልም" አለች። "ሲያድግ ንገሪው። የማን ጡት እንዳተረፈው ይወቅ። ፋጤም የጡት እህቱ ናት፣ ሳያውቅ እንዳያገባት። አማና ጥዬብሻለሁ።"

መኪናው ሄደ። መሬማ ፀጉሯን በእጇ ለመሸፈን ትሞክር ነበር። ሌላ ምንም አልነበራትም።

ሙሄ በሁለተኛው ቀን ጡቴን ያዘ። በሻሿ። ሳላጥበው ወር ሙሉ ደረቴ ላይ አኖርኩት። ጣቱንም እስከ ሁለት ዓመቱ ጠባ፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ተወው። ማንም አልቀባውም፣ ማንም አልተቆጣውም። ለካ ያን ያህል ብቻ ነበር!

አማናውን፣ ያን አደራ፣ ግን በላሁት።

ባሌ ሲመለስ አልነገርኩትም። ነፍሱን ይማረውና ሳያውቅ ሞተ። ሙሄ ትምህርት ቤት ሲገባ እነግረዋለሁ አልኩ፣ ሲጎረምስ እነግረዋለሁ አልኩ። ስለ እሷ ከነገርኩት ማድቤቱን መንገር ሊኖርብኝ ነው። "አላውቃትም" ማለቴንም። ደርግ ወድቆ ከሰፈራ የተመለሱ ሰዎችን ሁሉ ጠየቅኩ። መሬማን የሚያውቅ አላገኘሁም።

ሙሄ ሰሚራን ሊያገባ ሲያመጣትማ አበድኩ! እናትሽ ማናት? አያትሽስ? ወደ ሰፈራ የሄደ ዘመድ አለሽ? ፋጤ የምትባል አክስት አለሽ? ልጅቷን እንደ ቀበሌ መረመርኳት። ሙሄ "እማዬ የሰው ዘር ትንቂያለሽ" ብሎ ሦስት ወር አኮረፈኝ። ናቂ መባል ይሻለኛል ብዬ ዝም አልኩ። ለሰሚራ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኳትም።

እና ሰዎች፣ የጠገበ ልጅም ጣቱን ይጠባል። ተዉለት። ትምህርቱ ይሄው ነው፣ ለመማር አርባ ዓመት ፈጀብኝ። ለመሆኑ የሰው አማና በፌስቡክ የሚመልስ ጉድ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሙሄ ልጄ፣ ይሄን ስታነብ ቁጭ ብለህ አንብብ። ጣት ጠቢ ነበርክ። በእኔ ጡት ብቻ አላደግክም። መሬማ የምትባል እናት አለችህ፣ ፋጤ የምትባል እህት አለችህ፣ በሕይወት ካሉ። ባለውለታህን በር ላይ የካድኳት እኔ ነኝ። እሷ አፉ አላለችኝም፣ አንተም ግዴታ የለብህም።

ሳሎን ሆነህ ሂባን ስታጫውት ይሰማኛል። ልውጣ ወይስ ልቆይ?